ካፍ ከወጣ አፋፍ

አበው «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ሲሉ ስለ ሂማላያ አላሰቡም። ይሁንና ስለ ታላላቅ ተራሮችና ስለ ወጪዎቻቸው ለመናገር ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ሯጭ ሲያሸንፍ ዳኛው ሰዓቱን ይዞ ከመስመሩ ዳር ይጠብቀዋል። ኳስ ከመረብ ስታርፍ ስታዲየም ሙሉ ሰው ያያታል። ከ8000 ሜትር በላይ ግን ዳኛም ተመልካችም የለም። በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ሢሶ ያህል ነው፤ እግር ይከብዳል፤ ዓይን ይደበዝዛል፤ አእምሮም ይዝላል። ከዚያ ስፍራ የሚመለስ ሰው ከታች ለቀረነው ይዞልን የሚወርደው አንድ ቃል ነው፤ «ደረስኩ» የሚል። ፎቶግራፉም፣ ሽልማቱም፣ መጽሐፉም ከዚያ ቃል በኋላ የሚመጡና በዚያ ቃል ላይ የሚቆሙ ናቸው።

ይህ ቃል ሐሰት ሆኖ ሲገኝ፣ ወይም ሐሰት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ሲጠረጠር፣ በየዘመኑ የሚሰሙ አራት ማስተባበያዎች አሉ። አንደኛው «ማን ተጎዳ?» ይላል። ሁለተኛው «ጥቂት ሜትር ምን ቁም ነገር አለው?» ይላል። ሦስተኛው «መጠራጠር ምቀኝነት ነው፤ ያልወጣ ሰው የወጣን አይጠይቅም» ይላል። አራተኛው የእኛው የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ድምፅ ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል፤ «ታሪኩ ካማረ ይበቃል፤ ልኩን ለቀያሾች ተውላቸው» ይላል። አራቱም ስሕተት ናቸው ባይ ነኝ፤ በየተራቸውም እሞግታቸዋለሁ። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

፩

ማን ተጎዳ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት አንድ ተራራ ይበቃናል። በአላስካ ምድር የአገሬው ሰው ዴናሊ የሚለው፣ የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ ማኪንሊ ሲል የሰየመው ተራራ አለ። ከፍታው 6190 ሜትር ሲሆን በሰሜን አሜሪካ የሚስተካከለው የለም። ከ1906 እስከ 1913 ባሉት ዓመታት ስለዚህ ተራራ አራት ልዩ ልዩ ቃሎች ተነግረዋል።

የመጀመሪያው የዶክተር ፍሬድሪክ ኩክ ነው። ኩክ በ1906 ኤድ ባሪል ከተባለ ረዳቱ ጋር ከጫፉ ደረስኩ አለ። በ1908 ባሳተመው መጽሐፍም ባሪል ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በአንድ ድንጋያማ ጉብታ ላይ ቆሞ የሚታይበትን ፎቶግራፍ የአህጉሩ አናት ነው ብሎ አወጣ። ስሙ ገነነ፤ ከበሬታም ጎረፈለት። ባሪል ግን በ1909 ከጫፉ አልደረስንም ሲል በመሐላ ቃሉን ሰጠ። የኩክ ደጋፊዎች በበኩላቸው ባሪል በተቀናቃኝ ወገን ገንዘብ ተገዝቷል አሉ። ቃል በቃል ላይ ተነሣ፤ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እስከ ዛሬ ሙግት ሆኖ ይኖር ነበር።

ነገሩን የቆረጡት በጉዳዩ ቅርብ የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ቤልሞር ብራውንና ኸርሸል ፓርከር በ1906ቱ ጉዞ የኩክ ባልደረቦች ነበሩ፤ ኩክ ጫፉን ወጣሁ ባለበት ወቅት ግን አብረውት አልነበሩም። በ1910 ፎቶግራፉን ይዘው ወደ ስፍራው ተመለሱ። ድንጋዩን ከድንጋይ፣ ከበስተጀርባ የሚታየውንም ተራራ ከተራራ እያስተያዩ ፈለጉ፤ ጉብታውንም አገኙት። ከእውነተኛው ጫፍ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታውም 2000 ሜትር አይሞላም። ያ ጉብታ ዛሬም ‹የሐሰት ጫፍ› እየተባለ ይጠራል።

ሁለተኛው ቃል የወርቅ ፈላጊዎቹ ነው። በዚያው በ1910 የተራራ ልምድ ያልነበራቸው፣ ነገር ግን ብርዱን የለመዱ የአላስካ ወርቅ ቆፋሪዎች 14 ጫማ የሚረዝም የጥድ ምሰሶ ተሸክመው ዴናሊን ጀመሩት። ተራራው ሁለት ጫፍ አለው፤ ዋናው የደቡቡ ሲሆን የሰሜኑ ዝቅ ይላል። ፒት አንደርሰንና ቢሊ ቴይለር የተባሉት ሁለቱ ከሰሜኑ ጫፍ ደረሱ፤ ምሰሶውንም ከፍ ካለ ስፍራ ላይ ተከሉት። በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ የሚሠራ ገድል ነበር። የቡድኑ አለቃ ቶም ሎይድ ግን ይህ አልበቃውም። ወደ ከተማ ወርዶ እኔም ጭምር ሆኜ ሁለቱንም ጫፎች ወጣን ብሎ አወራ። ወሬው ሲመረመር ሊቆም አልቻለም። ሐሰቱ ሲጣል እውነቱም አብሮ ተጣለ፤ ያን ምሰሶ በእውነት ያቆሙት ሁለት ሰዎች እንደ ወሬኛ ተቆጠሩ።

ሦስተኛው ቃል የቤልሞር ብራውን ራሱ ነው። የኩክን ጉብታ ፈልጎ ያገኘው ይህ ሰው በ1912 ከፓርከር ጋር ተራራውን ሞከረ። አብዛኛው ዳገት አልቆ፣ ዋናው ጫፍ በጣም ቀርቧቸው ሳለ የበረዶ ማዕበል ወረደባቸው። ወደ ፊት መሄድ ሞት ነበርና ተመለሱ። ከወረዱም በኋላ ብዙ ቀን ሳይቆይ ብርቱ የምድር መንቀጥቀጥ አካባቢውን አናወጠው፤ የወጡበትንም ሸንተረር ሰባበረው። አንባቢ ሆይ፣ አስተውል። ዱካቸውን ተከትሎ ሊመረምራቸው የሚችል ሰው አልነበረም። «ደረስን» ቢሉ ማን ይክዳቸው ነበር? ቤልሞር ብራውን ግን አልደረስንም ብሎ ጻፈ። በሌላ ሰው ላይ ያነሣውን መለኪያ በራሱም ላይ አነሣው።

አራተኛው ቃል በ1913 ተነገረ። ቄስ ሀድሰን ስተክ፣ ሃሪ ካርስተንስ፣ ሮበርት ቴተምና ዋልተር ሃርፐር ከዋናው ጫፍ ደረሱ። ከሁሉ አስቀድሞ የረገጠው የ20 ዓመቱ ሃርፐር ነበር። እናቱ የዚያው ምድር ነባር ሕዝብ ልጅ፣ አባቱ ደግሞ ከአየርላንድ የመጣ ሰው ነበር። ቄሱ የጉዞው አሰናጅ ነበሩና ክብሩን ወደ ራሳቸው ማዞር በቻሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሃርፐር ነው ብለው በመጽሐፋቸው መሰከሩለት። ይኸው ወጣት በዚያው ጉዞ ወደ ሰሜኑ ጫፍ ሲመለከት አንድ ቀጥ ያለ ነገር ቆሞ አየ። በመነጽር ቢያዩት የወርቅ ፈላጊዎቹ ምሰሶ ነበር። አንደርሰንና ቴይለር ከ3 ዓመት በኋላ ታመኑ።

እንግዲህ ማን ተጎዳ? የኩክ ቃል ጸንቶ ቢቀር ኖሮ የሚሰረቀው የሃርፐር ስም ነበር። የሎይድ ቃል ደግሞ የገዛ ባልደረቦቹን እውነት 3 ዓመት ቀበረው። ሐሰተኛ «ደረስኩ» ባለቤት በሌለው መሬት ላይ አይዘራም፤ የሚዘራው በሌላ ሰው እርሻ ላይ ነው። ያ ሌላው ሰው ገና ያልተወለደ፣ ወይም ስሙ ያልተሰማ፣ ወይም የሚሟገትለት ዘመድ የሌለው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው «ማን ተጎዳ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ብዙ ጊዜ መልሱን ሳይጠብቅ የሚሄደው።

፪

«ጥቂት ሜትር ምን ቁም ነገር አለው?» የሚሉት ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋልና ግማሹን አልነፍጋቸውም። በ1955 ጆ ብራውንና ጆርጅ ባንድ የተባሉ እንግሊዛውያን በከፍታው ከዓለም ሦስተኛ የሆነውን የ8586 ሜትሩን ካንቼንጁንጋን ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ። ተራራው በሲኪም ሕዝብ ዘንድ ቅዱስ ነው። በቻርልስ ኢቫንስ የተመራው ቡድን የጫፉን ጫፍ ላለመርገጥ ለሲኪም ገዢ ቃል ገብቶ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ያን ሁሉ መከራ አልፈው፣ የመጨረሻው የበረዶ ጉልላት ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። በማግስቱ የመጡት ኖርማን ሃርዲና ቶኒ ስትሪተርም እንዲሁ አደረጉ። እስከ ዛሬ ድረስ የካንቼንጁንጋ የመጀመሪያ ወጪዎች እነርሱ ናቸው። «አልረገጡትም» ብሎ ክብራቸውን የነሣቸው የለም። የት እንደ ቆሙና ስለ ምን እንደ ቆሙ ሳይጠየቁ ተናግረዋልና። የጎደለው እርምጃ በቃላቸው ውስጥ ተቆጥሮ ገባ፤ ተቆጥሮ የገባ ነገር ደግሞ ጉድለት አይባልም።

ስለዚህ ሜትር አምላኪ አይደለሁም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የጎደለው ሜትር ተነገረ ወይስ ተደበቀ?

አሜሪካዊው ኤድ ቪስተርስ በ1993 ሺሻፓንግማ በተባለው ተራራ ላይ ከመካከለኛው ጫፍ ደረሰ። ዋናው ጫፍ ከዚያ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከስለታም የበረዶ ሸንተረር ማዶ ይታያል። በረዶው እንዳይናድበት ሰግቶ ተመለሰ። በዚያ ስፍራ ቆመው «ደረስን» ያሉ ብዙዎች ነበሩ፤ እርሱም ቢል የሚወቅሰው አልነበረም። ግን አልደረስኩም አለ። በ2001 ያንኑ ተራራ ከሥሩ ጀምሮ እንደገና ወጣና ዋናውን ጫፍ ረገጠ። 8 ዓመት ሙሉ ጥቂት ሜትር በልቡ ተሸክሞ ኖረ ማለት ነው። «ምን ቁም ነገር አለው?» ለሚሉት ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም፤ ቁም ነገርነቱን የመሰከረው ራሱ የወጣው ሰው ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመውን ለማየት ወደ 8163 ሜትሩ ማናስሉ እንሂድ። ቶሺዮ ኢማኒሺና ጋልዜን ኖርቡ በ1956 ከእውነተኛው ጫፍ ደርሰዋል። ዘመን እየተለወጠ፣ ገበያው እየሰፋ፣ ተራራው በከፋይ እንግዶች ሲሞላ ግን አብዛኛው ሰው ከጫፉ መለስ ባለ ጉብታ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ እየተነሣ መውረድ ጀመረ። ልማድ ሆነ፤ ልማዱም ሕግ መሰለ። በ2021 መጸው በድሮን የተነሣ ምስል ነገሩን ገላለጠው። ጥቂት ሰዎች በሸንተረሩ በኩል አልፈው ወደ እውነተኛው ጫፍ ሲሄዱ ይታያል፤ የተለመደው ማብቂያ ደግሞ ከኋላቸው ቀርቷል። ከዚያ በኋላ የሂማላያን ወጪዎች የሚመዘግበው ተቋም ከ2022 ጀምሮ ከጉብታው ላይ የሚቆምን ሰው በጉብታው ስም ብቻ እንደሚመዘግብ አስታወቀ፤ የቀደሙትን ግን አልሰረዘም። ይህን ብይን ቅን ብይን እለዋለሁ። ባለማወቅ ያለፈውን እንደ ወንጀለኛ አላሳደደም፤ አውቆ የሚመጣውን ግን በቃሉ ያዘው።

ለካው ወገንም እንዲሁ የምለው አለኝ። ራይንሆልድ ሜስነር ከ8000 ሜትር በላይ የሆኑትን 14 ተራሮች በ1986 በመፈጸም የመጀመሪያው ሰው ተብሎ ኖሯል። በ2023 የጊነስ መዝገብ በጀርመናዊው ተመራማሪ በኤበርሃርድ ዩርጋልስኪ ሥራ ተመርቶ ያን ማዕረግ ከሜስነር ወሰደና ለቪስተርስ ሰጠ። ምክንያቱ ሜስነር በ1985 በአናፑርና ረጅም ሸንተረር ላይ ሲቆም ከእውነተኛው ጫፍ 65 ሜትር ርቆ፣ 5 ሜትር ያህልም ዝቅ ብሎ ነበር የሚል ነው። ቪስተርስ ራሱ ግን የመጀመሪያው ሜስነር ነው ብሎ ተናገረ። እዚህ ላይ መዝገቡ ያጠፋው ስሕተትንና ሐሰትን በአንድ ሚዛን ላይ በማስቀመጡ ነው። በጉም ውስጥ፣ ጉብታው ከጉብታ በማይለይበት ሸንተረር ላይ፣ እዚህ ነው ብሎ አምኖ የቆመ ሰው ውሸታም አይባልም። ያ 65 ሜትር ከስሙ አጠገብ ይጻፍ፤ ተገቢ ነው። ስሙ ይፋቅ ማለት ግን መለካትን ከመፍረድ ጋር ማምታታት ነው። መዝገብ ልኩንም ሰውየውንም ለማስቀመጥ የሚበቃ ገጽ ሊኖረው ይገባል።

፫

«መጠራጠር ምቀኝነት ነው፤ ያልወጣ ሰው የወጣን አይጠይቅም» ለሚሉት የምጠራው ምስክር አንዲት ሴት ናቸው። አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ኤልዛቤት ሀውሊ በ1960 ካትማንዱ ገብተው ተቀመጡ፤ እስካረፉበት እስከ 2018 ድረስም ከዚያች ከተማ አልተለዩም። ከታላላቆቹ ተራሮች አንዱንም ወጥተው አያውቁም። ነገር ግን ወጪዎቹ ከመሄዳቸው በፊትና ከተመለሱ በኋላ እየተገናኙ መንገዱን፣ ቀኑን፣ ጓደኛውን፣ ያዩትን ሁሉ ይጠይቁና ይመዘግቡ ነበር። ስማቸው የተፈራ ወጪዎች በእርሳቸው ፊት እንደ ተማሪ ተቀምጠው መልስ ሰጥተዋል። ወጥ ያልሠራ ሰው የጨውን መብዛት አያውቅም የሚል ካለ ያልወጣ አይጠይቅ ይበል። በአገራችን ሸንጎ ዳኛው እማኝ አምጣ ሲል ከሳሽን መስደቡ አልነበረም፤ ለቃሉ ክብደት መስጠቱ ነበር። ጥያቄ ለቃል የሚከፈል ግብር ነው፤ የማይጠየቅ ቃል ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ቃል ነው።

ዳሩ ግን አንድ እውነተኛ ቅሬታ አለ፤ እርሱን ሳላነሣ ባልፍ ሙግቴ ጎዶሎ ይሆናል። ጥርጣሬ ለሁሉ እኩል ታድሎ አያውቅም። በግንቦት 1960 ዋንግ ፉጆ፣ ጎንፖና ቹ ዪንኋ የተባሉ የቻይና ቡድን አባላት ኤቨረስትን በሰሜን በኩል ወጣን አሉ። ከጫፉ የደረሱት ሌሊት ስለ ነበረ በዚያ የተነሣ ፎቶግራፍ አልነበራቸውም። ቹ ዪንኋ አስቸጋሪውን ቋጥኝ ለመውጣት ጫማውን አውልቆ፣ በዚያም ብርድ ጣቶቹን አጥቶ ነበር። በምዕራቡ ዓለም ብዙዎች ለዓመታት አላመኗቸውም። የዘመኑ የፖለቲካ ቋንቋቸው ጆሮ የሚያሰለች መሆኑ፣ የፎቶግራፉም መጥፋት ምክንያት ሆነ። ኋላ ግን ቃላቸው በአብዛኛው ተቀባይነት አገኘ። አሁን እስቲ ይህን አስቡ፤ ኤድመንድ ሂላሪም በ1953 በኤቨረስት ጫፍ ላይ ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍ የለውም። በዚያ ታዋቂ ምስል ላይ የሚታየው ቴንዚንግ ኖርጌይ ነው። ለሂላሪ የጓደኛው ቃልና ከጫፉ ወደየሸንተረሩ ያነሣቸው ሥዕሎች በቂ ሆኑ፤ መሆናቸውም ተገቢ ነበር። ተገቢ ያልነበረው፣ ሌላው ሰው ገና አፉን ሲከፍት በተለየ ሚዛን መመዘኑ ነው።

የዚህ ቅሬታ መድኃኒቱ ጥያቄውን ማስቀረት አይደለም። ሂላሪም፣ ዋንግም፣ ሜስነርም፣ ነገ የሚመጣውም በአንድ ቋንቋ ይጠየቁ ማለት ነው።

የደቡብ ኮሪያዋ ኦህ ኡን ሰን ነገር ይህን ያስረዳል። በ2009 ካንቼንጁንጋን ወጣሁ አለች፤ በሚያዝያ 2010 አናፑርናን ስትወጣም የአገሯ ቴሌቪዥን በቀጥታ አስተላለፈው፤ 14ቱን ሁሉ የፈጸመች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ ተወደሰች። ነገር ግን የካንቼንጁንጋው ፎቶግራፏ ከሌሎች ወጪዎች ፎቶግራፍ ጋር አልተስማማም፤ አብረዋት የነበሩት ሼርፓዎችም ቃል እርስ በርሱ ተለያየ። ሀውሊ ጉዳዩን አከራካሪ ብለው መዘገቡት። በነሐሴ 2010 የገዛ አገሯ የተራራ ወጪዎች ፌዴሬሽን ከጫፉ ሳትደርስ እንዳልቀረች ደመደመ፤ እርሷ ግን በቃሏ ጸናች። ማዕረጉም በግንቦት 2010 ሺሻፓንግማን ለፈጸመችው ለስፔናዊቷ ለኤዱርኔ ፓሳባን ተሰጠ። ኦህን ለመስደብ የተነሡ ብዙዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ ጋር አልቆምም። የምከሰው ሩጫውን ነው። በስፖንሰር ገንዘብ፣ በካሜራ ፊት፣ በሰንደቅ ዓላማ ስም ሰው ወደ 8000 ሜትር ሲላክ፣ «አልደረስኩም» የሚለው ቃል ከመነገሩ በፊት ዋጋው ተቆርጦበታል።

ሼርፓዎቹንም እናስባቸው። ክብሩ በሚታደልበት ቀን ስማቸው ይዘለላል፤ ክርክር በተነሣ ቀን ግን ኑ መስክሩ ይባላሉ። ደመወዙን ከሚከፍለው ሰው ጋር የወጣ፣ በሚቀጥለውም ዓመት ሥራ የሚሻ ሰው እንዴት ነጻ ምስክር ይሆናል? ይህን እያወቁ ሸክሙን ሁሉ በእርሱ ቃል ላይ መጣል ግፍ ነው።

ከዚህ ጋር የቴንዚንግ ነገር አብሮ ሊነገር ይገባዋል። በ1953 ከኤቨረስት ሲወርድ በካትማንዱ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው፤ ከሂላሪ የቀደመው እርሱ እንዲሆን የሚሻው ብዙ ነበር። ሁለቱ ሰዎች አብረን ደረስን ከማለት አላለፉም። «እኔ ቀደምሁ» የሚል አንድ ቃል ከቴንዚንግ አፍ ቢወጣ ግማሽ እስያ ያምነው ነበር፤ በቅኝ ግዛት ዘመን የተዋረደ ሕዝብም ደስ ይለው ነበር። በ1955 በወጣው የሕይወት ታሪኩ ግን ቀድሞ የረገጠው ሂላሪ ነው አለ። ለራሱ ክብር፣ ለወገኑም ስሜት የማይመች ቃል ነበር፤ ግን እውነት ነበርና ተናገረው። ስለ ሼርፓ ምስክርነት መናገር የሚወድ ሁሉ ከዚህ ይጀምር።

፬

አሁን ወደ እኛ ወደ አንባቢዎቹ እመለሳለሁ። «ታሪኩ ካማረ ይበቃል» የሚለውን ቃል ከሥነ ጽሑፍ ሰዎች አንደበት ስሰማ ያሳዝነኛል። ሐሳባቸው ይህ ነው፤ የኩክ መጽሐፍ በደንብ ተጽፏል፤ ብርዱም ድካሙም ይሰማል፤ ታዲያ ጉብታው የት መሆኑ ለአንባቢ ምን ይጨምርለታል? ሥነ ጽሑፍ ከመጀመሪያውስ የፈጠራ ሥራ አይደለምን?

ይህ ሙግት ሥነ ጽሑፍን ያከበረ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ያዋርዳታል። ልብ ወለድ ሐሰት ሆኖ አያውቅም። ልብ ወለድ ደጃፉ ላይ ስሙን ተናግሮ የሚገባ እንግዳ ነው፤ «የምነግራችሁን ፈጥሬዋለሁ» ይላል፤ እኛም ፈቅደን እንቀበለዋለን። ምስክርነት ደግሞ በሌላ ስም ይገባል፤ «ይህን አይቻለሁ፤ እዚህ ቆሜአለሁ» ይላል፤ እኛም በዚያ ስም አምነን ቦታ እንሰጠዋለን። አንዱ የሌላውን ስም ሰርቆ ሲገባ ሁለቱም ይረክሳሉ። አንባቢ አንዴ የተታለለ እንደ ሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛውን መስካሪ በዚያው ዓይን ያየዋል። በ1910 አንደርሰንና ቴይለር የደረሰባቸው ይኸው ነው።

ደግሞም የተራራ መጽሐፍ ውበቱ ከየት ይመጣል? ከቃላቱ ብቻ አይመጣም። ገጹን ስንገልጥ የሚያርደን፣ ያ ብርድ የእውነተኛ ሰው ጣት እንደ ቆረጠ ማወቃችን ነው። ያን እውቀት ስታነሡበት ቋንቋው እንዳለ ይቀራል፤ ሕይወቱ ግን ይወጣል። እንግዲህ «ታሪኩ ካማረ ይበቃል» የሚለው ሰው ያማረው ታሪክ በምን እንዳማረ አላስተዋለም።

ሐሰት ከተናገሩ በኋላ የመመለሻ መንገድ የለም አልልም። ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ሽታንግል በ2010 የ8611 ሜትሩን ኬ2ን ወጣሁ አለ። ጥርጣሬ ሲነሣበት በዚያው ዓመት በሕዝብ ፊት ቀርቦ ከጫፉ አልደረስኩም ብሎ አመነ። ስሙ ጠፋ፤ ብዙ ሰው ሳቀበት። በ2012 ግን ወደዚያው ተራራ ተመለሰና በእውነት ከጫፉ ደረሰ። ካፍ የወጣው ቃል ወደ አፍ አልተመለሰለትም፤ ሰውየው ግን ወደ ተራራው ሊመለስ ችሏል። እንዲህ ላለው ሰው ከልቤ አክብሮት አለኝ፤ ስለ አመነ ብቻ ሳይሆን፣ ዕዳውን በእግሩ ሄዶ ስለ ከፈለ ነው።

ስለዚህ ለዚህች ገጽ ወዳጆች የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። «ደረስኩ» የሚል መጽሐፍ ወይም ዜና ሲገጥማችሁ ለማጨብጨብም ለመስደብም አትቸኩሉ። ከየት? ከማን ጋር? ምን አየህ? ብላችሁ ጠይቁ፤ የታወቀውንም ያልታወቀውንም፣ ነጩንም ቢጫውንም ጥቁሩንም በአንድ ድምፅ ጠይቁ። ስሕተቱን እንደ ስሕተት፣ ሐሰቱን እንደ ሐሰት ያዙ። በመደርደሪያችሁም ላይ የደረሱት ሰዎች መጻሕፍት በሚቀመጡበት ስፍራ፣ ጫፉ አጠገብ ደርሰው በማዕበል ተመልሰው «አልደረስንም» ብለው የጻፉት ሰዎች መጻሕፍት ከዳር አይጣሉ። የሃርፐርን «ደረስን» ዛሬ ሳንጠራጠር የምንቀበለው፣ ከእርሱ በፊት የመጣው ሰው «አልደረስኩም» ለማለት አቅም ስለ ነበረው ጭምር ነው።